ሳይቃጠል በቅጠል፦ ሐይቅ ለሚጠብቁ መሥሪያ ቤቶች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ሐይቅ እንድትጠብቁ፣ ውሃውንና ዓሣውን እንድትቆጣጠሩ ኃላፊነት ለተሰጣችሁ መሥሪያ ቤቶች በሙሉ። ውሃችሁን ከሐይቅ ለምትቀዱ፣ ኑሯችሁን ከሐይቅ ለምታገኙ ሁሉም ይድረስልኝ።

ጤና ይስጥልኝ።

በቀጥታ ወደ ጉዳዬ ልግባ። ወራሪ ዝርያ፣ ማለትም ከሌላ ቦታ መጥቶ እየተባዛ ነባሩን የሚጎዳ ፍጥረት፣ ሐይቅ ውስጥ ሲገባ የምታደርጉትን አያለሁ። አረም ከሆነ ታጭዳላችሁ። ዓሣ ከሆነ ታጠምዱና ትመዝናላችሁ። ዛጎል ከሆነ ከቧንቧ ላይ ትፍቃላችሁ። ይህ ሁሉ ልፋት ነው፤ አላቃልለውም። ግን ሪፖርቶቻችሁን ሳገላብጥ የማጣው ነገር አለ። ፕላንክተኑ፣ ማለትም ውሃው ውስጥ የሚንሳፈፉት ጥቃቅን ፍጥረታት፣ ምን ሆነ? ብዙ ጊዜ አንዲት መስመር እንኳ የለችም። በዐይን የሚታየው ሁሉ ይቆጠርና ሐይቁን የሚመግበው ሳይቆጠር ይቀራል።

የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ፕላንክተኑን ቁጠሩት። ወራሪው እስኪመጣ አትጠብቁ፤ አሁን፣ ሐይቁ ደህና ነው ብላችሁ በምታስቡበት ሰዓት ጀምሩ። በየወሩም ሳታቋርጡ ቀጥሉ።

ፕላንክተን አይታችሁ ለማታውቁ በቅርብ ላሳያችሁ። ቀዳዳው የፀጉር ውፍረት ያህል ብቻ የሆነ፣ እንደ ሾጣጣ ከረጢት የተሰፋ መረብ አለ። ጫፉ ላይ ትንሽ ጠርሙስ ታስሯል። ከጀልባ ላይ ወደ ታች ታወርዱትና ቀስ እያላችሁ ትስቡታላችሁ። ጠርሙሱን ወደ ብርሃን ከፍ ስታደርጉት መጀመሪያ ደፍረስ ያለ ውሃ ብቻ ይመስላል። ዐይናችሁ ሲለምድ ግን ውስጡ ሲንቀሳቀስ ታያላችሁ። የሰናፍጭ ፍሬ የምታህለው፣ እንደ ቁንጫ ዘለል ዘለል የምትለው ዳፍኒያ ናት። ዝም ብላ ቆይታ ድንገት ተፈናጥራ የምትጠፋው ኮፔፖድ ናት። ዳፍኒያን ማይክሮስኮፕ ሥር ስታደርጓት ገላዋ እንደ መስታወት ስለሆነ ልቧ ሲመታ ይታያል። አንጀቷ አረንጓዴ ነው፤ አረንጓዴው ያን ቀን የበላችው አልጌ ነው። ጀርባዋ ላይ ባለው ከረጢት ውስጥ ዕንቁላሎቿን አንድ ሁለት ብላችሁ መቁጠር ትችላላችሁ። ብዙ ከሆኑ ምግብ አግኝታለች፣ ጥቂት ከሆኑ ርቧታል። ይህን ሥራ ከጀመርኩ ወዲህ ስንቷን እንዳየሁ ቁጥሩ ጠፍቶብኛል። ልቧ ሲመታ ሳይ ግን አሁንም ቆም እላለሁ።

እንግዲህ ሐይቅ የሚኖረው በእነዚህ ነው። ብርሃን ተቀብሎ ምግብ የሚሠራው ፋይቶፕላንክተን፣ ማለትም በውሃው ውስጥ የሚንሳፈፈው አልጌ ነው። እሱን ዙፕላንክተን፣ ማለትም እንደ ዳፍኒያና ኮፔፖድ ያሉት ጥቃቅን እንስሳት፣ ይበላዋል። ዙፕላንክተኑን ደግሞ ትንንሽ ዓሣዎች ይበሉታል፤ ነገ ትልቅ አዳኝ የሚሆነው ዓሣ ሳይቀር ከዕንቁላል በወጣ ሰሞን የሚያድገው በአብዛኛው በዙፕላንክተን ነው። ወራሪው ከየት በኩል ይምጣ፣ ጉዳቱ ዞሮ ዞሮ እዚህ ይደርሳል።

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። (የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) አሜሪካ ሞንታና ውስጥ ፍላትሄድ የሚባል ትልቅ ሐይቅ አለ። ኮካኒ የሚባል የሳልመን ዓይነት ይጠመድበት ነበር። ኮካኒው ራሱ ቀደም ሲል ሰው ያስገባው ነው፤ ግን ሐይቁ ውስጥ ተመችቶት፣ ሰውም ወዶት ኖሯል። በካናዳ ኩትኔይ ሐይቅ ውስጥ ማይሲስ የሚባል ትንሽ ሽሪምፕ መሰል እንስሳ ከገባ በኋላ በአንደኛው የሐይቁ ክንድ ኮካኒው በጣም ስለፋፋ፣ "እኛም እንሞክረው" ተባለ። ከ1968 ጀምሮ ከፍላትሄድ በላይ ባሉ ሐይቆች ውስጥ ማይሲስ ተለቀቀ። ሐሳቡ ዓሣውን ለመመገብ ነበር። ክፋት አልነበረበትም። ማይሲሱ በወንዝ ተንሳፍፎ ወረደና በ1981 ፍላትሄድ ውስጥ ተገኘ።

ነገሩ የተበላሸው በሰዓት ነው። ማይሲስ ቀን ቀን ጨለማው ወለል ላይ ተደብቆ ይውላል። ሲመሽ ወደ ላይ ይወጣና ዳፍኒያን ይበላል። ኮካኒው ደግሞ የሚመገበው በብርሃን፣ በዐይኑ እያየ ነው። ስለዚህ ዓሣው ሊበላው የመጣለትን ምግብ ሳያገኘው ቀረ፤ ይባስ ብሎ "ምግብ" የተባለው እንስሳ የዓሣውን ምግብ ሌሊት ሌሊት ጨረሰበት። (በኩትኔይ የሠራው እዚያ ክንድ ላይ የውሃው ፍሰት ማይሲሱን ከጥልቁ ወደ ላይ ስለሚያወጣው ነበር። ያንን ማንም አላጣራም።) ዳፍኒያና ዘመዶቿ ወዲያው ተመናመኑ። ከሐይቁ ወጥቶ ዕንቁላል ለመጣል አንድ ጅረት ላይ ይመጣ የነበረው ኮካኒ ከመቶ ሺህ በላይ ነበር፤ በ1989 ወደ 50 ወረደ። አዎ፣ 50። ዓሣውን ለመብላት እዚያ ይሰበሰብ የነበረው ንስር በ1981 እስከ 639 ተቆጥሮ ነበር፤ በ1989 የተገኘው 25 ብቻ ነው። በዐይን የማትታይ ያህል ትንሽ የሆነች እንስሳ ስትጠፋ ሰማይ ላይ ያለው ንስር ቀነሰ።

ልብ በሉልኝ፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ማይሲሱን ያስገቡት የሙያው ሰዎች ናቸው። ዓሣ ለማሳደግ ሲባል አዲስ እንስሳ ሐይቅ ውስጥ ከመለቀቁ በፊት "ይሄ ነገር ምን ይበላል? በስንት ሰዓት? የማንን ምግብ?" ብላችሁ ጠይቁ። እዚያው አሜሪካ ካለው ታሆ ሐይቅም የተገኘው ትምህርት ይኸው ነው። እዚያም በ1960ዎቹ ማይሲስ ከተለቀቀ በኋላ ዳፍኒያ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከሐይቁ ጠፋች ሊባል በሚችል ደረጃ ተመናመነች።

አሁን ደግሞ ወደ ጥርት ወዳለው ውሃ ልምጣ። እዚህ ላይ የምናደድበት ነገር ስላለ ትንሽ ታገሡኝ።

ከዓመታት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር። ስሙን አልጠራም፤ ስም ማንሳቱ ጉዳዬ አይደለም። የፕላንክተን ክትትል እንዲጀመር ጠይቄ፣ የተነገረኝ መልስ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። "ውሃው እኮ ጠርቷል፤ ከዚህ በላይ ምን ይደረግልሽ?" አለኝ አንዱ ኃላፊ። ሰውየው ክፉ ሰው አልነበረም። ከልቡ ነው ያለው። ለብዙ ሰው ጥሩ ውሃ ማለት ወለሉ ድረስ የሚታይ ውሃ ነው። የዚያን ቀን መልስ ሳልሰጠው ወጣሁ፤ የዛሬው ደብዳቤ ግማሹ ለእሱ ያልመለስኩት መልስ ነው።

መልሴ ይኸውና። ውሃ የሚጠራው ቆሻሻ ስለቀነሰ ሊሆን ይችላል። ምግቡ ስለተሟጠጠም ሊሆን ይችላል። ሁለቱን የሚለየው ፕላንክተኑን ያየ ሰው ብቻ ነው።

ዜብራ መስል የሚባለውን ባለ ሁለት ክፋይ ዛጎል ተመልከቱ። የመጣው ከጥቁር ባሕርና ከካስፒያን ባሕር አካባቢ ነው። መርከቦች ሚዛናቸውን ለመጠበቅ በሆዳቸው የሚጭኑት ውሃ ውስጥ ሆኖ ባሕር ተሻግሮ፣ በ1988 በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች መካከል ባለው ሴንት ክሌር ሐይቅ ተገኘ። የጣት ጥፍር የሚያህል ነገር ነው። ግን አንዱ ብቻ በቀን አንድ ሊትር ገደማ ውሃ ያጣራል። ውሃውን ይስባል፣ አልጌውንና ማምለጥ የማይችለውን ጥቃቅን ዙፕላንክተን ይይዛል፣ የተረፈውን ይተፋል። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በሺዎች ሆኖ ሲደረደር አስቡት። ቀጥሎ የመጣው ዘመዱ ኳጋ መስል ደግሞ ባሰ፤ ቀዝቃዛና ጥልቅ ወለል ላይ፣ ለስላሳ ጭቃ ላይ ሁሉ መኖር ይችላል።

ከእነዚያ ታላላቅ ሐይቆች አንዱ በሆነው ሚሺጋን ሐይቅ ላይ የሆነው ይህ ነው። ድሮ በጸደይ ወራት፣ የእነሱ ብርድ ሲያልፍ፣ ዳያተም የሚባለው አልጌ በሐይቁ በሙሉ ይፈላ ነበር። ዳያተም የመስታወት ቅርፊት ያለው፣ ለዙፕላንክተን ምርጥ ምግብ የሆነ አልጌ ነው። ኳጋው ከተስፋፋ በኋላ ያ የጸደይ ፍንዳታ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። ውሃው ከመጥራቱ የተነሣ በ2015 የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ አብራሪዎች ከሰማይ ሆነው የሰመጡ መርከቦችን ወለሉ ላይ ተኝተው ፎቶ አነሱ። ፎቶው በጣም ያምራል። ሐይቁ ግን ተርቧል። ዳያተሙ ወደ ወለሉ ሲወርድ የሚበላው ዲፖሬያ የሚባል ሽሪምፕ መሰል እንስሳ ከአብዛኛው የሐይቁ ክፍል ጠፋ፤ እሱን ይበላ የነበረው ዋይትፊሽ የሚባለው ዓሣም ከሳ። ምግቡ ከውሃው ወጥቶ ወለል ላይ በተደረደረው ዛጎል ውስጥ ታሰረ። ብርሃኑ ደግሞ ወለል ድረስ ስለደረሰ ክላዶፎራ የሚባለው ፀጉር መሰል አልጌ ድንጋዩን ሸፈነው፤ ማዕበል ሲነቅለው ዳርቻ ላይ ተከምሮ ይሸታል።

አንድ ልጨምር፤ ይህን የመጠጥ ውሃ የምታጣሩ በተለይ ስሙ። መስሎች መራጮች ናቸው። ጥሩውን አልጌ ይውጡና መርዝ የሚሠራውን ማይክሮሲስቲስ የሚባለውን ሳያኖባክቴሪያ (እንደ አልጌ በብርሃን የሚኖር ባክቴሪያ) በንፍጥ ጠቅልለው መልሰው ይተፉታል፤ እሱም በሕይወት እያለ ነው የሚመለሰው። ተፎካካሪዎቹ ተበልተውለት ሜዳው ለብቻው ይቀራል። በነሐሴ 2014 ኢሪ ሐይቅ ዳር ያለችው ቶሌዶ ከተማ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ለጥቂት ቀናት የቧንቧ ውሃ እንዳይጠጣ ከለከለች፤ ምክንያቱ የዚሁ የማይክሮሲስቲስ መርዝ ነው። ዋናው ጥፋት ከእርሻ የሚታጠበው፣ አልጌ የሚቀልበው ፎስፈረስ ነው፤ እሱን መስል ላይ መለጠፍ አይገባም። ግን ፎስፈረሱ ያበዛውን መስሉ እየመረጠ ይበላና ሜዳውን ለመርዛማው ያመቻችለታል።

ደግሞ የመስሉ ጫጩት ራሱ ፕላንክተን ነው። አንዲት እናት በዓመት እስከ አንድ ሚሊዮን ዕንቁላል ትጥላለች። ከዕንቁላሉ የሚወጣው እጭ ለሳምንታት ውሃው ውስጥ ይንሳፈፋል፤ ያለ ማይክሮስኮፕ አይታይም። ጀልባ ውስጥ የቀረች አንድ ጣሳ ውሃ ወደ ሌላ ሐይቅ ልታሻግረው ትችላለች። እና ፕላንክተን የሚቆጥር ሰው ካላችሁ ዛጎሉ ቧንቧችሁን ከመድፈኑ በፊት እጩን ጠርሙስ ውስጥ ያየዋል። ከሌላችሁ የምታውቁት ቧንቧው ሲደፈን ነው።

ተቃራኒው ደግሞ አለ፤ ውሃውን የሚያደፈርስ ወራሪ። ባይቶትሬፊስ ይባላል። ራሱ ዙፕላንክተን ነው፤ አንድ ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው፣ አብዛኛው ርዝመቱም እሾሃማ ጅራት ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከአውሮፓ በመርከብ ውሃ ታላላቆቹ ሐይቆች ገባ። ዳፍኒያን ይዞ ይቦጭቃታል። ትንንሽ ዓሣዎች ግን ሊውጡት ሲሞክሩ እሾሁ ጉሮሯቸውን ይዞ አያስኬድም። የሚገርመኝ፣ ሳይነካት እንኳ ይጎዳታል። ዳፍኒያ ሽታውን ከውሃው ስትለይ ወደ ጥልቁ ትወርዳለች። እዚያ ብርድ ነው፤ እድገቷ ይጓተታል፣ ዕንቁላሏም ይዘገያል። ፍርሃቱ ብቻ ቁጥሯን ያወርደዋል።

ሜንዶታ የሚባል ሐይቅ ዊስኮንሲን ውስጥ አለ። በዓለም ላይ በብዛት ከተጠኑት ሐይቆች አንዱ ነው። በ2009 ባይቶትሬፊስ በብዛት ተገኘ። ትልቋ ዳፍኒያ፣ አልጌውን እየጋጠች ውሃውን የምታጠራላቸው ሠራተኛ፣ ቁጥሯ ወደቀ። ውሃው ውስጥ የሚታየው ጥልቀት አንድ ሜትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው ያህል ቀነሰ። ያንን ጥራት ፎስፈረስ በመቀነስ ብቻ ለመመለስ ቢሞከር፣ ወደ ሐይቁ የሚገባው ፎስፈረስ በ71 በመቶ መቀነስ እንዳለበት፣ ወጪውም ከ86.5 እስከ 163 ሚሊዮን ዶላር እንደሚሆን ተመራማሪዎች በ2016 አሰሉ። ዳፍኒያዋ ሥራዋን ትሠራ የነበረው በነጻ ነው።

የባሰው ምን መሰላችሁ? በኋላ ከወለሉ ላይ ጭቃ ተቆፍሮ ሲታይ የባይቶትሬፊስ ቅሪት ከ1994 ጀምሮ ተገኘ። በዓለም የታወቀ ሐይቅ፣ ዩኒቨርሲቲ ዳሩ ላይ ተቀምጦ፣ ወራሪው በጥቂቱ ሆኖ 15 ዓመት ያህል ሳይታይ ኖሯል ማለት ነው። እዚያ ካመለጠ፣ በዓመት አንዴ እንኳ መረብ በማይጣልበት ሐይቅ ምን እንዳለ ማን ያውቃል? ግን ለሜንዶታ ትልቅ ነገር አለው፤ ለአሥርተ ዓመታት የተጻፈ የፕላንክተን መዝገብ አለው። ስለዚህ ምን እንዳጡ፣ መቼ እንዳጡ፣ ስንት እንደሚያስከፍላቸው መናገር ቻሉ።

መዝገብ ሳይኖር ሲቀር ምን እንደሚሆን ማየት ከፈለጋችሁ ቪክቶሪያ ሐይቅን ተመልከቱ። ናይል ፐርች የሚባለው ትልቅ አዳኝ ዓሣ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ተለቀቀ። በ1980ዎቹ ተባዝቶ ሐይቁን ሞላው፤ ሃፕሎክሮሚን የሚባሉት፣ በመቶ የሚቆጠሩ ዝርያዎች ያሏቸው የሐይቁ ትንንሽ ዓሣዎች ቁጥር ተንኮታኮተ። ከእነዚህ ትንንሽ ዓሣዎች ውስጥ አልጌ የሚበሉ ነበሩ፣ ዙፕላንክተን የሚበሉም ነበሩ። በእነዚያው ዓመታት ዳያተሙ ሸሽቶ ሳያኖባክቴሪያው ነገሠ። ታዲያ ይህን ያመጣው ዓሣው ነው ወይስ ከእርሻና ከከተማ የሚገባው ንጥረ ነገር? ክርክሩ ብዙ ዘልቋል። ክርክሩን ያከበደው አንዱ ነገር፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በደንብ ከተለካ በኋላ እስከ 1980ዎቹ ድረስ ያለው መዝገብ የሳሳ መሆኑ ነው። ለውጡ የሆነው ልክ ማንም ሳያይ በነበረበት ጊዜ ነው። ያ ክፍተት አሁን በምንም ገንዘብ አይሞላም።

እምቦጭንማ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ላዩ ሲያብብ ያምራል። ከሥሩ ያለውን ውሃ ግን ጨለማ ያደርገዋል፤ ንፋሱም አያማስለውም፤ ኦክስጅኑ ይወርዳል። ፋይቶፕላንክተን ያለ ብርሃን አይኖርምና ከምንጣፉ በታች ይመናመናል። በክፍት ውሃ የሚኖሩት ዙፕላንክተኖች ቦታቸውን በሥሩ መካከል ለሚሳቡት ይለቃሉ። አጭዳችሁ ዳር ላይ ስትከምሩት ደግሞ የሚበሰብሰው ነገር ተመልሶ እየታጠበ ይገባና አልጌ ይቀልባል። ስለዚህ አረሙን ያነሣችሁበት ቦታ ላይ ቢያንስ መረብ ጣሉበት። "ይህን ያህል ሄክታር ጸዳ" የሚለው ቁጥር ውሃው ዳነ አልዳነም አይነግራችሁም። ጠርሙሱ ይነግራችኋል።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ዝርዝር ልግባ፤ ከምታስቡት በላይ ቀላል ነው። የሐይቁ ጥልቅ ቦታ ላይ አንድ ነጥብ ምረጡ፤ ሰፊ ሐይቅ ከሆነ ሁለት ሦስት ይሁን። ሁልጊዜ እዚያው ቦታ፣ በአንድ ዓይነት መረብ፣ ከአንድ ዓይነት ጥልቀት ሳቡ። ይህ ካልሆነ የዘንድሮውን ከአምናው ጋር ማወዳደር አትችሉም። በዓመት ጥቂት ጊዜ ሌሊት ውጡ፤ እንደ ማይሲስ ያለውን ቀን ቀን አታገኙትም። አልጌውን ለብቻው በጠርሙስ ቅዱና አዮዲን ጠብ አድርጉበት። ነጭና ጥቁር የተቀባውን ሳህን በገመድ አውርዳችሁ የሚጠፋበትን ጥልቀት ጻፉ። ይህን የተማረ አንድ ባለሙያ፣ አንድ ማይክሮስኮፕና አንድ ጀልባ ይበቃል። መረቡን ከጀልባ ወደ ጀልባ፣ ከሐይቅ ወደ ሐይቅ ስታዘዋውሩ አድርቁት፤ እኛ ራሳችን ወራሪውን እንዳናጓጉዘው።

ዝርያውን ሁሉ በስሙ መለየት ካልቻላችሁ አትጨነቁ። ዳፍኒያ ስንት፣ ኮፔፖድ ስንት፣ ሮቲፈር የሚባለው ከእነሱ የሚያንሰው ዙፕላንክተን ስንት፣ ዳያተምና ሳያኖባክቴሪያ ምን ያህል ብላችሁ ጀምሩ። ትልልቆቹ ዳፍኒያዎች ጠፍተው ጥቃቅኖቹ ብቻ ሲቀሩ አንድ ነገር እየበላቸው ነው፤ ዓሣው ሊሆን ይችላል፣ አዲስ እንግዳም ሊሆን ይችላል። አልጌው በአንድ ዓመት ውስጥ በግማሽ ቢወርድ ወለሉን ሄዳችሁ እዩ። ሳያኖባክቴሪያው ካሸነፈ ለውሃ ማጣሪያው ክፍል በዚያው ቀን ደውሉ።

ናሙናዎቹን አትጣሏቸው። ይህን በብርቱ እለምናለሁ። ተቆጥረው ካለቁ በኋላ "ቦታ ያዘ" ተብለው የሚደፉ ጠርሙሶች አይቻለሁ። ዛሬ ያላወቅነውን እንስሳ የዛሬ 20 ዓመት የሚመጣ ሰው እዚያ ጠርሙስ ውስጥ ያገኘዋል። ቀኑን፣ ቦታውን፣ ጥልቀቱን በእርሳስ ጽፋችሁ ወረቀቱን ውስጡ ክተቱት፤ ቀለም ይለቃል፣ እርሳስ አይለቅም። ቁጥሩንም ለሕዝብ ክፍት አድርጉት። ዓሣ አጥማጁ መረቡ ላይ እንደ እርጥብ ጥጥ የተጣበቀ ነገር ቢያይ ለማን እንደሚናገር ይወቅ፤ ባይቶትሬፊስ ገመድ ላይ ሲጠመጠም ልክ እንደዚያ ነው የሚመስለው፣ ብዙ ጊዜም መጀመሪያ የሚያየው አጥማጁ ነው።

በጀት ጠባብ እንደሆነ አውቃለሁ። ስብሰባው፣ ግምገማው፣ የሚያጣድፈው ሥራ ብዙ ነው። የምጠይቀው በወር አንድ ቀን ነው። በሚቀጥለው ወር ጀልባው ለሌላ ሥራ ሲወጣ መረቡን ይዞ ይውጣ። የመጀመሪያውን ጠርሙስ እኔ መጥቼ አብሬያችሁ እቆጥራለሁ፤ አገልግሎቴን አላስከፍልም።

አክባሪያችሁ፣
ፕላንክተን የምትቆጥር አንዲት ባለሙያ